የምታዩት ድራማ ላይ ያለው ሰውዬ የትኛው ልብ ወለድ ውስጥ ነበር? ፈልጎ ማግኛ መንገድ

ማታ ድራማ ካለቀ በነጋታው አራት ኪሎም ሂዱ ፒያሳም ሂዱ ቡና ላይ ወሬው እሱ ነው። አንዱ "ሰውዬው ቁርጥ የፍቅር እስከ መቃብሩ ፊታውራሪ መሸሻ እኮ ነው" ይላል፣ ሌላው "ኧረ ባክህ በምን ተገናኝተው" ይለዋል፣ ከዛ ሂሳብ ይከፈላል ክርክሩም እዛው ይሞታል፣ ምክንያቱም ሁለቱም "ይመስለኛል" ከማለት ውጪ ሚያሳዩት ነገር የላቸውም። ይሄን የምጽፈው ክርክሩ እንዲቀጥል ለምትፈልጉ ነው። የድራማ ካራክተርን ከቆየ ልብ ወለድ ካራክተር ጋ ክፍልና ገጽ ጠቅሶ ማገናኘት ይቻላል፣ ከባድም አይደለም፣ ግን ብዙ ሰው የሚጀምረው ከማያዋጣው ጫፍ ነው።

የማያዋጣው ጫፍ ታሪኩ ነው። ደሃ ልጅ የሃብታም ልጅ ወደደ፣ በቃ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ናቸው። ሰውዬው ሃብታምና ክፉ ነው፣ በቃ ፊታውራሪ ነው። ሰውዬው ሁለት ሴት መሃል ነው፣ በቃ የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ላይ ያለው ፀጋዬ ነው። በዚ ከሄዳችሁ ሁሉም ድራማ ሁሉንም መጽሐፍ ይመስላል፣ ሁሉም ሁሉንም ከመሰለ ደሞ ምንም አላገኛችሁም። ማየት ያለባችሁ ካራክተሩ ምን እንደሚፈልግና ያንን ለማግኘት ምን ሊያጣ እንደተዘጋጀ ነው። ስራው፣ ልብሱ፣ ቤቱ ቦሌ ይሁን ጎጃም፣ እሱ ኋላ ነው ሚመጣው።

አንድ አረፍተ ነገር ጻፉ

ስልካችሁ ላይ ኖት ክፈቱና ስለ ካራክተሩ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ፣ እገሌ ይሄን ይፈልጋል፣ ይሄ ይከለክለዋል፣ ለማግኘት ይሄን ይሰጣል፣ አለቀ። የተዋናዩን ስም አትጻፉ፣ የካራክተሩንም ስራ አትጻፉ፣ "ዶክተር ነው" "ነጋዴ ነው" ካላችሁ ጭንቅላታችሁ ወዲያው ሌላ ዶክተርና ሌላ ነጋዴ ፍለጋ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ክፍል አይታችሁ ብትጽፉት አይሰራም፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ፍቅርና ገንዘብ ነው፣ ቆይታችሁ ካራክተሩ አንዴ ከባድ ነገር ሲወስን ካያችሁ በኋላ ጻፉት።

ከዛ መጽሐፉ ላይ ላለውም ሰው ያንኑ አድርጉ። በዛብህን እንውሰድ። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበም ያላነበበም "ደሃው መምህር ተማሪውን ወደደ" ብሎ ነው ሚያስታውሰው። አረፍተ ነገሩን ስትጽፉት ግን ሌላ ነገር ብቅ ይላል፣ ልጁ ወላጆቹ ለቤተክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው። ቦጋለና ውድነሽ ናቸው ቃሉን የገቡት፣ ተሸካሚው ግን እሱ ነው። የፊታውራሪ ዘር ቆጠራ ከውጪ ይከለክለዋል፣ ስለቱ ደሞ ከውስጥ። እና የበዛብህ ዘመድ ቲቪ ላይ የሃብታም ልጅ የወደደው ደሃ ሁሉ አይደለም፣ ሌላ ሰው በገባለት ቃል የታሰረው ነው። አባቱ ሲሞት "የወንድሜን ደም" ብሎ አደራ የጣለበት ልጅ፣ ወይ እናቷ ለጓደኛዋ ልጅ ገና በህጻንነቷ ቃል የሰጠችባት ልጅ። እነዚ ሃብታምም ቢሆኑ፣ ፍቅር ውስጥ ባይኖሩም እንኳ በዛብህ ናቸው።

ሰብለ ወንጌልም እንደዛው። ብዙ ሰው ሚያስታውሳት ስታለቅስ ነው። ግን አባቷ "ለዘሬ የሚመጥን የለም" እያለ እድሜዋ የሄደባት ልጅ ናት፣ መጨረሻ ላይ ደሞ እራሷ ተነስታ ከዛ ቤት የወጣች። ሲዝኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጣ ልጁ እስኪመጣ የምትጠብቅ ካራክተር አይታችሁ "ሰብለ ናት" ካላችሁ ሰብለን በደላችኋት።

ካራክተር ብቻውን አይነጻጸርም

ሁለተኛው ነገር፣ አንድ ሰው ከአንድ ሰው ጋ አታመሳስሉ፣ ጥንድ ከጥንድ ጋ አመሳስሉ። ሰው የሚታወቀው ጎኑ ባለው ሰው ነው። ለዚ በጣም ቀላሉ መለማመጃ ሃውስ የሚባለው የአሜሪካኖቹ የሃኪም ድራማ ነው፣ ከ2004 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የታየው፣ ድሮ ከሲዲ ቤት እያመጣን ስናየው የነበረው። ዶክተር ሃውስ ሼርሎክ ሆልምስ ነው፣ እና ይሄ ግምት አይደለም፣ ሰሪዎቹ ሆን ብለው ነው ያረጉት። ስሙ ራሱ ይቀራረባል፣ ጓደኛው ዊልሰን የሆልምስ ጓደኛ ዋትሰን ነው፣ ሆልምስ ኮኬይን ይወስዳል ሃውስ የህመም ማስታገሻ ክኒን፣ የሃውስ ቤት ቁጥር ደሞ 221ቢ ነው፣ የሆልምስ የቤከር ስትሪት ቁጥር። ግን እነዚን ሁሉ ምልክቶች ብትሰርዟቸውም ጥንዱ ይቀራል፣ ሁሉን ነገር የሚያይ ግን ሰው ማፍቀር የማይሆንለት ሰውና፣ ያን ያህል የማያይ ግን እሱን መቻል የሚችል ብቸኛ ጓደኛው። ዊልሰንን አውጡት፣ ሃውስ ተሳዳቢ ሃኪም ብቻ ሆኖ ይቀራል። እና የኛ ድራማ ላይ አዋቂ ነኝ ባይ ግልፍተኛ መርማሪ ወይ ጠበቃ ስታዩ "ሆልምስ ነው" ከማለታችሁ በፊት ዋትሰኑን ፈልጉ፣ ከሌለ ሆልምስ አይደለም።

ፖሊስና ተፈላጊም ሌላ ጥንድ ነው። የቪክቶር ሁጎን መጽሐፍ ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም መከረኞቹ ብሎ ወደ አማርኛ መልሶታል፣ እዛ ላይ ዣን ቫልዣን የሚባል እስረኛ የነበረ ሰው አለ፣ ዣቬር የሚባል ፖሊስ ደሞ እድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። ዣቬር ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሄን ልብ በሉ፣ ሕግ ማለት ሕግ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው፣ ለዛም ነው ቫልዣን ሊገለው እየቻለ ሲለቀው ሰውዬው መኖር ያቃተው። ስለዚ ድራማው ላይ ያለው ኢንስፔክተር ጉቦ የሚበላ ከሆነ ወይም የግል ቂም ካለው የዣቬር ዘመድ አይደለም። ንጹህ ሲሆን ብቻ ነው ጥንዱ የሚሰራው።

አንድ ሙሉ ምሳሌ፣ ኤዜል

እዚ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ከዚ የተሻለ መማሪያ የለም። ኤዜል ከ2009 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የተሰራ የቱርክ ድራማ ነው፣ መሰረቱ የአሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ፣ የሞንቴ ክሪስቶው ካውንት የምንለው ሰውዬ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ላይ ኤድሞን ዳንቴስ የሚባል ወጣት መርከበኛ ሊያገባ፣ የመርከብ አዛዥም ሊሆን ሲል ሰዎች በሃሰት ይወነጅሉትና ደሴት ላይ ያለ እስር ቤት 14 አመት ይቀመጣል። እዛ ውስጥ አባ ፋሪያ የሚባሉ ሽማግሌ እስረኛ ያስተምሩታል፣ የተደበቀ ሃብት ያለበትን ቦታም ይነግሩታል፣ እሳቸው ሲሞቱ እሱ በሳቸው የሬሳ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ባህር ላይ ተወርውሮ ያመልጣል። ከዛ ሃብታም ሆኖ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ማንም ሳያውቀው ይመለሳል። ኤዜል ላይ ኦመር የሚባለው ልጅ በካዚኖ ዘረፋ ይወነጀላል፣ ጓደኞቹ አሊና ጄንጊዝ ናቸው የሸጡት፣ እስር ቤት ውስጥ ራሚዝ የሚባል ሽማግሌ ያገኛል፣ ፊቱ ተቀይሮ ኤዜል ሆኖ ይመለሳል፣ የሚወዳት ልጅ ኤይሻን ደሞ ጄንጊዝን አግብታ ትጠብቀዋለች።

እዚ ድረስ ያለውን ማንም ያየዋል፣ ጓደኛችሁም ዊኪፒዲያ ላይ ያገኘዋል። ስራችሁ የሚጀምረው ከዚ በኋላ ነው፣ ምኑ ላይ ነው የተለያዩት? መጽሐፉ ላይ መርሴዴስ፣ የዳንቴስ እጮኛ፣ ምንም አላደረገችም። የሞተ መስሏት ነው ሌላ ሰው ያገባችው። ኤዜል ላይ ግን ኤይሻን እራሷ ሴራው ውስጥ አለችበት። ይቺ አንዷ ለውጥ ሁሉን ነገር ትገለብጠዋለች፣ ዳንቴስ መበቀል የሚፈልገው ሦስት ወንዶችን ነው፣ መርሴዴስ ስትለምነው የሚራራበት ቦታ አለው፣ ኤዜል ግን የሚበቀላትና የሚያፈቅራት አንድ ሰው ናት፣ ስለዚ በቀሉ መቼም ሊሳካለት አይችልም፣ እሷን ባጠፋ ቁጥር እራሱን ነው ሚያጠፋው። የእድሜ ልክ ጭንቅ፣ ለቲቪ ደሞ የማያልቅ ክፍል!

እና ይሄን መስመር ከያዛችሁ ፊቱን ቀይሮ ወይ ከውጪ ሃብታም ሆኖ "ሊበቀል" የመጣ ካራክተር ባያችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ ሴትየዋ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? ካላወቀች ወደ ዱማ ሄዳችኋል፣ ካወቀች ወደ ኤዜል። በነገራችን ላይ ማንነትን ደብቆ መሄድ ለኛም አዲስ አይደለም፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ፣ ጦብያ የምንለው፣ እዛ ላይ ልጅቷ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው ምትዞረው። የአማርኛ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተደበቀ ሰው ነበረበት።

ከውጪ የመጣው ሰውዬ

የኛ ድራማ ላይ አንድ የማይቀር ሰው አለ፣ ዳያስፖራው። ቦሌ ኤርፖርት ሻንጣ እየገፋ ይወጣል፣ መነጽር አርጓል፣ ሙዚቃ ይገባል። አያቱን የምትፈልጉት ከሆነ ሩቅ አትሂዱ፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. አዲስ ዓለም የሚል ልብ ወለድ አሳትመዋል፣ እዛ ላይ አወቀ የሚባል ልጅ አውሮፓ ተምሮ ይመለሳል፣ ከዛ ስለ ተዝካሩ ስለ ሠርጉ ከዘመድ ጋ ይጋጫል፣ ይሄ ልማድ ይቅር ይላል እነሱ ደሞ ልጃችን ተበላሸ ይላሉ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አርአያ ላይ እንዲሁ ከፈረንሳይ ተመላሽ ነው ይዘው የመጡት፣ 1940ዎቹ ላይ።

አሁን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አወቀና አርአያ ይዘው የመጡት እውቀት ነው፣ የሚፈልጉት ሃገሩን መቀየር ነው፣ የሚከለክላቸው ልማድና ባለስልጣን ነው። የዛሬው የድራማ ዳያስፖራ ብዙ ጊዜ ይዞ የመጣው ዶላርና ሚስጥር ነው፣ የሚፈልገው ደሞ የራሱን ነገር ማስመለስ ነው፣ ጥሎት የሄደውን ልጅ፣ የድሮ ፍቅረኛውን፣ ወንድሙ በስሙ ያዞረበትን ቤት። ሃገር ልቀይር ብሎ የሚመጣ የለም ማለት ይቻላል፣ ከመጣም የሚሳቅበት ነው። ይሄ እንግዲህ ልዩነት ነው፣ ግን ለኔ ከመመሳሰሉ በላይ የሚናገረው ልዩነቱ ነው፣ ምክንያቱም በመሃል ተመላሽ ላይ የነበረን ተስፋ የት እንደሄደ ነው ሚያሳየው። እንደዚ አይነት ልዩነት ስታገኙ አትለፉት፣ ጽሁፋችሁ የሚጀምረው ከሱ ነው።

ስለ ቤት ካነሳን አይቀር፣ የውርስ ጉዳይ የያዘ ድራማ እያያችሁ ከሆነና እህትማማቾቹ ልደታ ፍርድ ቤት ከቀጠሮ ቀጠሮ ሚመላለሱ ከሆነ ቻርልስ ዲከንስ በ1852 እና 53 እ.ኤ.አ. በየወሩ እየቆረጠ ያወጣውን ብሊክ ሃውስ ፈልጉ። ጃርንዲስ የሚባል ቤተሰብ የውርስ ክስ አለበት፣ ትውልድ ይሞታል ትውልድ ይወለዳል ክሱ አያልቅም፣ መጨረሻ ላይ ሲያልቅ የሚወረሰው ንብረት በሙሉ ለክሱ ወጪ ሄዷል። ሳነበው ስቄም ተናድጄም ነበር፣ የሰፈር ወሬ ነው ሚመስለው።

ምን ከፈለበት? የሚለው ፈተና

ጉዱ ካሳን ሁሉም ሰው ይወዳል፣ ስለዚ ሁሉም ሰው ጉዱ ካሳን በየቦታው ያያል። ድራማው ላይ ሰካራም ሆኖ እውነት የሚናገር የሰፈር ሰው ካለ፣ በር ላይ ተቀምጦ ባለቤቶቹን ሚያሽሟጥጥ ዘበኛ ካለ፣ ወዲያው "ጉዱ ካሳ!" ይባላል። ረጋ በሉ። ካሳ ዳምጤ የፊታውራሪ ዘመድ ነው፣ ከዛው ከጨዋ ቤት ነው፣ ዝም ቢል ደህና ይኖር ነበር። የሚተቸው የራሱን ወገን ነው፣ በዛም ምክንያት ዘመድ እንደ እብድ ቆጥሮታል፣ "ጉዱ" የሚለው ስም ራሱ ክፍያው ነው። አሁን የድራማውን ዘበኛ ጠይቁት፣ እውነቱን በመናገሩ ምን አጣ? ብዙ ጊዜ መልሱ ምንም ነው። ተመልካች ይስቃል፣ ባለቤቶቹም ይስቃሉ፣ በነጋታው እዛው በር ላይ ነው። ይሄ ማሳቂያ ነው፣ ጥሩ ማሳቂያ ሊሆን ይችላል፣ ጉዱ ካሳ ግን አይደለም። ጉዱ ካሳን ከፈለጋችሁ ሃብታሙ ቤት ውስጥ፣ ማዕድ ላይ ከተቀመጡት መሃል ፈልጉት፣ የራሷን አባት ፋብሪካ የምታጋልጥ ልጅ ለምሳሌ።

ይሄው ፈተና ለክፉ ሰዎችም ይሰራል። ሰው ለሰው የሚባለው ድራማ ላይ አበበ ባልቻ የሰራው አስናቀን የማያስታውስ የለም መቼም፣ ለጥቅሙ ማንንም የማይምር ባለሃብት። ብዙ ሰው ከፊታውራሪ መሸሻ ጋ ሲያነጻጽረው እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ለሁለቱም አንድ ነገር አድርጉ፣ በሃሳባችሁ ገንዘባቸውን ውሰዱባቸው። ፊታውራሪ ገንዘብ ባይኖራቸውም ፊታውራሪ ናቸው፣ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ብለው ማርከው ሲይዟቸው እንኳ ዘራቸውን አልረሱም፣ የሚፈልጉት ክብር ነው ለሱም የሚሰጡት ልጃቸውን ነው። በዛ ላይ መጽሐፉ ይስቅባቸዋል፣ ይሄንን ሰው ይረሳዋል። አስናቀ ላይ ገንዘቡን ብትወስዱበት ግን ምን ይቀራል? ፍርሃት ብቻ። ስለዚ የአስናቀን ዘመድ ፍለጋ ከመኳንንቱ ሳይሆን እራሱን በራሱ ከሰራ፣ ከሃብቱም ስር የተቀበረ ነገር ካለው ሰው ጋ ነው ምትሄዱት። ለኔ ቅርቡ ያው የዱማው ዳንግላር ነው፣ በሰው ላይ የሃሰት ክስ ጽፎ የጀመረ የመርከብ ሂሳብ ሰራተኛ ነበር፣ ኋላ ፓሪስ ላይ ባንከር ሆነ ባሮንም ተባለ። ቅጣቱ እንዴት እንደሆነ ታቃላችሁ? ሽፍቶች ዋሻ ውስጥ አስቀምጠውት ምግብ በገንዘብ ይሸጡለታል፣ አንድ ዶሮ መቶ ሺ ፍራንክ! የሚወደው ነገር በሚወደው ነገር እያለቀ። ሰው ለሰውን ጨርሳችሁ ያያችሁ ሰዎች አስናቀ ላይ የደረሰውን ከዚ ጋ አስተያዩት፣ እዛ ላይ የራሳችሁን ክርክር ታገኛላችሁ።

መጨረሻውን ሳይሆን የውሳኔዋን ሰዓት አነጻጽሩ

ሰዎች የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፣ "መጽሐፉ ላይ ሞታለች፣ ድራማው ላይ ግን አግብታ ነው ያለቀው፣ ስለዚ አይገናኙም" ይላሉ። ይሄ አያስኬድም ምክንያቱም የድራማ መጨረሻ የሚወሰነው በብዙ ነገር ነው፣ ስፖንሰር አለ፣ ተዋናይ ይወጣል፣ ጣቢያው ቀጥሉ ይላል። ተከታታይ ድራማ እንዲቀጥል ደሞ ካራክተሩ የሚፈልገውን ማግኘት የለበትም፣ ሊያገኝ ሲል ነው መቆረጥ ያለበት። ይሄ የቲቪ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ዱማም ሞንቴ ክሪስቶን ከ1844 እስከ 1846 እ.ኤ.አ. ጋዜጣ ላይ በክፍል በክፍል ነው ያወጣው፣ የዶስቶየቭስኪ ወንጀልና ቅጣትም በ1866 እ.ኤ.አ. መጽሄት ላይ እየተቆራረጠ ነው የወጣው። አንባቢ ቀጣዩን ክፍል እንደኛው ይጠብቅ ነበር። ፍቅር እስከ መቃብርንም በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ብዙ ሰው ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው፣ ከመጻሕፍት ዓለም የሚባለው ፕሮግራም ላይ፣ በክፍል በክፍል።

ስለዚ ከመጨረሻው ይልቅ ካራክተሩ የሚወስንበትን አንዱን ሰዓት ያዙ። ዣን ቫልዣን ስሙን ቀይሮ፣ ከንቲባ ሆኖ፣ ሰላም ሲኖር ሌላ ምስኪን ሰው እሱ ነህ ተብሎ ሊፈረድበት ነው። ዝም ቢል ለዘላለም ነጻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ያድርና ፍርድ ቤት ገብቶ እኔ ነኝ ይላል። አሁን የኛን ድራማዎች አስቡ፣ ዋናው ሰውዬ ባጠፋው ጥፋት ሌላ ሰው ሲታሰር ስንቴ አይታችኋል? እዛች ክፍል ላይ አቁሙት፣ ሰውዬው ምን አደረገ፣ ለምን ያህል ጊዜ ዝም አለ፣ ዝም ሲል ምክንያቱ ማን ነበር፣ ልጁ ናት ወይስ ንብረቱ። ያን ክፍልና የመጽሐፉን ያን ምዕራፍ ብቻ ጎን ለጎን ማስቀመጥ አምሳ ክፍል ከመተረክ ይሻላል።

በዚሁ መንገድ ከአድማስ ባሻገርን ሞክሩት፣ የበዓሉ ግርማን፣ በ1962 ዓ.ም. የወጣውን። አበራ ወርቁ የቢሮ ስራው ላይ ተቀምጦ ልቡ ሥዕል ላይ ነው፣ ቤተሰብ አግባና ሰው ሁን ይለዋል። እሱ ግን መወሰኑን ያዘገየዋል፣ መዘግየቱ ራሱ ታሪኩ ነው። ድራማ ላይ እንደዚ አይነት ሰው እምብዛም አላይም፣ የሚያመነታ ሰው ለካሜራ አይመችም መሰለኝ፣ ካገኛችሁ ግን ያዙት።

መጽሐፉን ከየት

የአማርኛዎቹን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉት መጽሐፍ ሻጮች ጋ አዲሱንም አሮጌውንም ታገኛላችሁ፣ ዋጋ ተከራከሩ። ፒያሳ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ድሮ የምታውቁት ሻጭ ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል፣ ጠይቁ። መግዛት ካልቻላችሁ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ከ2014 ጀምሮ ክፍት ነው፣ ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ወፍራም መጽሐፍ የሚያስፈራችሁ ከሆነ በወጋየሁ ትረካ ጀምሩ፣ ታክሲ ውስጥም ይሰማል፣ ግን ገጽ ለመጥቀስ መጽሐፉ የግድ ነው። ከውጪዎቹ መከረኞቹን አልኳችሁ፣ የማርጋሬት ሚቸልን ደሞ ነቢይ መኮንን ነገም ሌላ ቀን ነው ብሎ የመለሰው አለ፣ ደርግ ማዕከላዊ እስር ቤት አስሮት በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው። የቤተሰቧ ቤትና መሬት እንዳይወሰድ ምንም ከማድረግ የማትመለስ ሴት ካራክተር ካለቻችሁ የዚን መጽሐፍ ዋና ሴት፣ ስካርሌትን፣ ሳታነቡ አትጻፉ።

ስትጽፉት

ቴሌግራም ላይም ሆነ የትም ስትጽፉ "ኮርጀውታል" አትበሉ። ሃውስና ኤዜል ላይ ግንኙነቱ የታወቀ ነው፣ ሌላው ላይ ግን ደራሲው መጽሐፉን ጭራሽ አይቶት ላያውቅ ይችላል፣ ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ አይነት ሰው ሊፈጥር ይችላል፣ በተለይ ሁለቱም ያደጉት አንድ አይነት ቤተሰብ ውስጥ ከሆነ። "ይሄ ሰው ያንን ሰው ያስታውሰኛል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ይሄን ይፈልጋሉ" ካላችሁ ማንም አይቀየማችሁም፣ የድራማው ሰሪዎችም ቢያነቡት ደስ ይላቸዋል እንጂ።

ልዩነቱን መጀመሪያ አስቀምጡ፣ መመሳሰሉን ቀጥሎ። በተቃራኒው ብትጀምሩ ሰው "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" ብሎ ያልፋችኋል። ከአንድ ጥንድ በላይ አንድ ጽሁፍ ውስጥ አታስገቡ፣ እኔ እዚ እንዳደረኩት ማለቴ ነው፣ እኔ መንገዱን እያሳየኋችሁ ስለሆነ ነው። ስፖይለር ካለው ከላይ ጻፉ፣ መጽሐፉም ስፖይል ይደረጋል፣ ሰብለና በዛብህ ምን እንደሚሆኑ ያላወቀ ሰው ዛሬም አለ። ድራማው ገና እየታየ ከሆነ ደሞ "እስካሁን ባየሁት" በሉና እስከ ስንተኛው ክፍል እንዳያችሁ ጻፉ። ካራክተሩ በኋላ ቢቀየርባችሁ ጽሁፉን አታጥፉት፣ ከስር ጨምሩበት፣ የተቀየረበት ክፍል ራሱ ሌላ ጽሁፍ ይወጣዋል።

የክፍሉን ቁጥርና ደቂቃውን፣ የመጽሐፉን ገጽና የትኛው እትም እንደሆነ ግን እዛው ስታዩትና ስታነቡት መዝግቡ። ፍቅር እስከ መቃብር በተለያየ እትም ገጹ ስለሚለያይ ምዕራፉንም ጨምሩበት።